የጾም ወተት ከአልሞንድ፦ ቤት ውስጥ አሠራሩ ከነምክንያቱ

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ስልኬ መጮህ ይጀምራል። "ያንን የአልሞንድ ወተት እንዴት ነበር የምታረጊው?" እዚህ ጎንደር አንዷ ከማራኪ፣ አንዷ ከአዘዞ፣ አንዷ ደግሞ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣች በመስኮት ነው የምትጠይቀኝ። በቮይስ ስመልስ እኔ ግማሹን እረሳለሁ እነሱም ግማሹን ይረሳሉ፣ ከዛ በሦስተኛው ቀን "ጠቆረብኝ" "ተበጣጠሰብኝ" "ሸተተብኝ" እያሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ጻፍኩት፣ ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ይሄንን ነው የምልክለት።

ሥራው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ለሱፍ ፍትፍት ሱፍ ወቅጣችሁ በውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ያጠለላችሁ ሰዎች ግማሹን ታውቁታላችሁ፣ የእጁ ሥራ ያው ነው። የሚለየው አልሞንድ ላይ ልጣጩ፣ የውሃው ልክ እና እሳቱ ናቸው፣ የሚበላሽባችሁም እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስሙ ላይ እንስማማ

ሱቅ ገብታችሁ "ለውዝ አለ?" ካላችሁ የሚመዘንላችሁ ኦቾሎኒ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የአሮን በትር አፈራችው የተባለው ለውዝ ይሄ አልሞንድ የምንለው ነው፣ ገበያው ላይ ግን ስሙን ኦቾሎኒ ወስዶታል። ስለዚህ "አልሞንድ" ብላችሁ ጠይቁ። ኦቾሎኒ መሬት ውስጥ የሚያፈራ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ ነገር ነው፣ አልሞንድ ደግሞ ዛፍ ላይ ነው የሚያፈራው፣ የኮክ የቅርብ ዘመድ ነው፣ የምንበላው የጠንካራው ቅርፊት ውስጥ ያለውን ፍሬ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ይሄን ሳትጠይቀኝ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ኦቾሎኒ ዘፍዝፋ ያደረችበት ቀን አለ፣ የወጣላት ነገር የጥሬ ባቄላ ሽታ ነበረው።

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ገበያ ከምትዞሩ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን ብትጠይቁ ይሻላችኋል፣ ደረቅ ፍራፍሬና ተምር ካለበት መደርደሪያ ጋር ነው የሚያስቀምጡት። ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

- ጥሬ መሆን አለበት፣ ያልተቆላ ጨው ያልነካው። የተቆላው ወተቱን ቡኒ ያረገዋል፣ የቆሎ ጣዕምም ይሰጠዋል።
- ሙሉ ፍሬ እንጂ የተከካ ወይ የተፈጨ አትግዙ፣ የተፈጨው ስቡ ለአየር ስለተጋለጠ ቶሎ ይበላሻል።
- ከተቻለ አንድ ፍሬ ሰብራችሁ እዩ። ውስጡ ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ ቢጫ ሄዶ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ቀዳዳ ካበጀ ወይ የቆየ የኑግ ዘይት የሚሸት ከሆነ ተዉት፣ ስቡ ከርሯል ማለት ነው፣ ዘፍዝፋችሁም ቀቅላችሁም አይመለስም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይሄ ለ1 ሊትር የሚጠጋ ወተት ነው፣ ማለትም ለ4 ሰው አንዳንድ ብርጭቆ።

- ጥሬ አልሞንድ፣ 1 የውሃ ብርጭቆ ሙሉ (ወደ 140 ግራም)
- የሚጠጣ ንጹህ ውሃ፣ 4 ብርጭቆ (1 ሊትር)፣ የመዘፍዘፊያው ውሃ ለብቻው ነው
- ጨው፣ በሁለት ጣት ቁንጥር
- ተምር 2 ወይ 3 ፍሬ፣ ፍሬው የወጣለት። ካልፈለጋችሁ ይቅር
- ቀረፋ ወይ ሄል ለሚወድ፣ በጣም ትንሽ
- ብሌንደር (የጁስ መፍጫ)። ከሌለ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ግን ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የሚወቀጥበት እንዳይሆን
- ወንፊትና ንጹህ ነጭ ስስ ጨርቅ፣ ሱፍ የምታጠሉበት ካለ እሱ ራሱ
- ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን
- ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ

ብርጭቆ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ነው እንጂ የሻይዋን አይደለም። የሻይ ብርጭቆ ብቻ ካላችሁም ችግር የለውም፣ 1 በ4 መሆኑን ብቻ ጠብቁ፣ አልሞንዱን በለካችሁበት ውሃውን ለኩ።

አሠራሩ

1. ልቀሙና እጠቡ። የተሰበረ የጠቆረ የተሸበሸበ ካለ አውጡት። ሻጋታ ያለበት አንድ ፍሬ ካገኛችሁ አጠገቡ ያሉትንም አትመኑ፣ የሻጋታው መርዝ በማጠብም በመቁላትም አይለቅም። የተረፈውን በሁለት ውሃ እጠቡት።

2. ማታ ዘፍዝፉት። ከአልሞንዱ ሦስት እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ አርጉበት፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደር። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብትዘፈዝፉት ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለሱ ደርሶ ይጠብቃችኋል። ለምን? ደረቅ አልሞንድ ድንጋይ ነው፣ ብሌንደሩ ይሰባብረዋል እንጂ አያልመውም፣ ያልላመ ነገር ደግሞ ስቡንና ፕሮቲኑን ለውሃው አይሰጥም፣ ጨርቁ ላይ ይዞት ይቀራል። በልግ ላይ ቤቱ ሲሞቅ ግን ከ12 ሰዓት በላይ ተዘፍዝፎ አይቆይ፣ አረፋ መድፈቅና መሽተት ይጀምራል። ፍሪጅ ውስጥ ከተዘፈዘፈ እስከ 24 ሰዓት ችግር የለውም።

3. የመዘፍዘፊያውን ውሃ ድፉት። ጠዋት ስታዩት ደብዛዛ ሻይ ይመስላል። "ቫይታሚኑ እሱ ውስጥ ነው" የሚሉኝ አሉ፣ እዛ ውስጥ ያለው ከልጣጩ የወጣ ቀለምና ምሬት እንዲሁም አቧራ ነው። ድፉትና በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

4. ላጡት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ዘልላችሁት ወተት አይወጣም ማለቴ አይደለም ይወጣል፣ ግን ግራጫ ይሆናል፣ ምላስ ላይም የሚይዝ ነገር አለው። ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዳችሁ አልሞንዱ ላይ ገልብጡት፣ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ አጥልላችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ከዛ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ ስታረጉት ከልጣጩ ፊጭ ብሎ ይወጣል (ፊት ለፊታችሁ ሰው እንዳይቀመጥ፣ ልጆቼ ይሄን ሥራ የሚወዱት እርስ በርስ ለመወራወር ነው)።

የውጪ መመሪያዎች 1 ደቂቃ ነው የሚሉት። እኛ ጋ ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው እንጂ 100 ላይ አይደርስም፣ ለዚህ ነው አንድ ደቂቃ የማይበቃው። ከ3 ደቂቃ በላይ ደግሞ አታቆዩት፣ ፍሬው መብሰል ይጀምርና ወተቱ ይሳሳል።

5. በትንሽ ውሃ አልሙት። የተላጠውን አልሞንድ ከ1 ብርጭቆ ውሃ ጋር ብቻ ብሌንደር ውስጥ ጨምሩና 1 ደቂቃ ፍጩት። ለጥፍ ያለ የሽሮ ሊጥ የመሰለ ነገር ነው መሆን ያለበት። አራቱንም ብርጭቆ ውሃ በአንዴ ካረጋችሁት ፍሬው ከምላጩ እየሸሸ ይዋኛል፣ ግማሹ ሳይፈጭ ይቀራል። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ያስተካከሉ ሰዎች "እንዴ ዛሬ ወፈረልኝ!" ብለው ደውለውልኛል።

6. ቀሪውን ውሃ ጨምሩ። 3 ብርጭቆውን ውሃ፣ ጨውን፣ ተምሩን አርጉና እንደገና 2 ደቂቃ ፍጩ፣ ግን በአንዴ ሳይሆን 40 ሰከንድ ያህል ፈጭታችሁ አረፍ እያረጋችሁ። ብሌንደሩ ሲግል ወተቱንም ያሞቀዋል፣ መብራት እየተዋዠቀ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይቃጠላል፣ የጎማ ሽታ ከሸተታችሁ ነቅላችሁ አብርዱት። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሙቅ ውሃ ቶሎ ያልማል ብሎ የነገራችሁ ካለ እሱ ነው የሚበጣጠስባችሁ። ጨውዋ ወተቱን ጨዋማ ለማረግ አይደለችም፣ ያቺ ቁንጥር ከሌለች ወተቱ ውሃ ውሃ ነው የሚለው።

7. አጥልሉ። ወንፊቱን ሳህኑ ላይ፣ ጨርቁን ወንፊቱ ላይ አርጋችሁ ሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ገልብጡት። በአንዴ ከገለበጣችሁት ጨርቁ ይደፈንና ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። መጀመሪያ ራሱ ይውረድ፣ መንጠባጠብ ሲጀምር የጨርቁን አራት ጫፍ ሰብስባችሁ ጠምዝዙትና ጭመቁት፣ በደንብ ጭመቁት፣ ወፍራሙና ጣፋጩ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ነው። ሲጨመቅ እንደ ላስቲክ እየተንሸራተተ በጨርቁ ቀዳዳ ነጭ ጥፍጥፍ የሚወጣ ከሆነ ጨርቃችሁ ሳስቷል፣ ሁለት አጥፉት።

ስለ ጨርቁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት በረኪና ነክቶት ሽቶ ባለው ኦሞ የታጠበ ጨርቅ ተጠቅሜ አንድ ሊትር ወተት የልብስ ሳጥን ሸትቶ ደፍቼዋለሁ፣ እንግዳም ነበረብኝ። ስብ ያለው ነገር ሽታ ይስባል። ጨርቁን በፈላ ውሃ ብቻ ቀቅላችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ለሌላ ሥራም አታውሱት።

8. ጠርሙስ ውስጥ አርጉና ቶሎ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ጠርሙሱን መጀመሪያ በፈላ ውሃ አለቅልቁት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከላይ ወፍራም ከታች ቀጭን ሆኖ ሲለያይ ታያላችሁ፣ አልተበላሸም፣ የሱቁ የማይለያየው ማያያዣ ስለሚጨመርበት ነው። ወዝውዛችሁ ቅዱ። ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን፣ ቢበዛ 4 ቀን። ሲጎመዝዝ ወይ ሲቀዱት እንደ ተልባ ሲሳብ ድፉት፣ አፍልቼ ላድነው አትበሉ።

ማኪያቶ ውስጥ ለምን ይበጣጠሳል?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር ላርገው። የአልሞንድ ፕሮቲን ሁለት ነገር አይችልም፦ ብዙ ሙቀትና ኮምጣጣነት። ቡና ሁለቱም አለው፣ ይሞቃልም ትንሽ ኮምጠጥ ይላልም። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ወተት የሚፋጅ ቡና ላይ ስትጨምሩ ሁለቱ በአንዴ ይመቱትና አይብ ይመስላል። እንዲህ አርጉ፦

1. ለ1 ብርጭቆ ወተት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛው ወተት በጥብጡ። ስታርቹ ፕሮቲኑ እርስ በርስ እንዳይያያዝ መሀል ይገባል፣ ወፈር ስለሚያረገውም ማኪያቶ ማኪያቶ ይላል።
2. ቀስ ባለ እሳት ላይ እያማሰላችሁ አሙቁት። ዳር ዳሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲታይና ወፈር ሲል አውርዱት፣ እንዲንተከተክ አትተዉት። የላም ወተት ስታፈሉ እንደለመዳችሁት እስኪገነፍል ከጠበቃችሁ አለቀ።
3. ቡናው ከጀበና ወይ ከማሽን እንደወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ።
4. ቡናውን ወተቱ ላይ ቀስ እያላችሁ ቅዱ፣ ወተቱን ቡናው ላይ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ወተቱ ቡናውን ጥቂት በጥቂት ነው የሚለምደው።

ቡናችሁ ገና ፈካ ብሎ የተቆላ ከሆነ ኮምጣጣነቱ ይበዛልና ከዚህ ሁሉ በኋላም ሊበጣጠስ ይችላል፣ ጠቆር ያለ ቁሌት ይሻላል። ሻይ ላይ ደግሞ ሎሚ ካለበት እርሱት።

መብራት ከሌለ፣ ፍሪጅ ከሌለ

መብራት ከሌለ በሙቀጫ ይሠራል። የተላጠውን አልሞንድ ጥቂት ጥቂት እያረጋችሁ ውቀጡት፣ እንዳይለጠፍባችሁ አንዳንድ ማንኪያ ውሃ ጣል አርጉበት፣ ቅቤ መስሎ እስኪለሰልስ። ከዛ ሳህን ውስጥ በ3 ብርጭቆ ውሃ ብቻ በእጅ እያሻችሁ በጥብጡና አጥልሉ። ውሃውን ከ4 ወደ 3 የቀነስኩት ውቅጥ ከብሌንደር ያነሰ ስለሚሰጥ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ክንድም ይፈልጋል፣ ግን እውነቱን ለመናገር ጣዕሙ ይበልጣል።

ፍሪጅ ከሌለ ግማሽ ልክ ብቻ ሥሩ፣ ግማሽ ብርጭቆ አልሞንድ በ2 ብርጭቆ ውሃ፣ በዛው ቀን አልቆ ይደር። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ጥላ ቦታ ብታስቀምጡት እስከ ከሰዓት ያቆይላችኋል፣ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ጠዋት ሳይሆን 7 ሰዓት ገደማ ፍጩት።

አተላው አይደፋም

ጨርቁ ላይ የቀረው ነጭ ዱቄት ፋይበሩንና ከፕሮቲኑም ብዙውን ይዞ ነው የቀረው፣ ደፍታችሁት እንዳልሰማ። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ ድጋሚ ፍጩና ጭመቁት፣ ቀጭን ወተት ይወጣል፣ እሱን ለጠዋት የአጃ ገንፎ ወይ ለቅንጬ መቀቀያ አስቀምጡት። ቅንጬ ላይ ወፍራሙንም ብትጠቀሙ ያምራል፣ ግን ቅንጬው በውሃ በስሎ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው፣ አብሮ ከተቀቀለ ይበጣጠሳል።

አተላውን ደግሞ ትሪ ላይ ስስ አርጋችሁ ፀሐይ ላይ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ አድርቁት፣ ወይ ምጣዱ እንጀራ ተጋግሮበት እሳቱ ከወጣ በኋላ ባለው ሙቀት። ሲደርቅ እንደ ዱቄት ነው፣ የጾም ዳቦ ሊጥ ውስጥ ለ5 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት 1 ብርጭቆ ማስገባት ይቻላል። ከዛ በላይ ካስገባችሁ ዳቦው አይነሳም፣ ምክንያቱም የሚያያይዘው የስንዴው ነገር የለውም። ሳይደርቅ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ እርጥብ ስለሆነ ከወተቱ ቀድሞ ይሻግታል።

ከወተት ውጪ ለመብላት ብቻ የፈለጋችሁ፣ ከልጣጩ ጋር ብረት ምጣድ ላይ ቀስ ባለ እሳት 10 ደቂቃ ያህል እያማሰላችሁ ቁሉት፣ አንዱን ሰብራችሁ ውስጡ የገለባ ቀለም ሲይዝ አውርዱት። ከወረደም በኋላ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ስለሚቀጥል ምጣዱ ላይ አትተዉት፣ ሰፌድ ላይ ዘርጉት። ከገብስ ቆሎና ከሱፍ ጋር ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት

- ውሃ ማብዛት። "ይበቃን ዘንድ" ብሎ በ1 ብርጭቆ አልሞንድ 2 ሊትር የሚሠራ አለ፣ ያ የታጠበ ብሌንደር እጣቢ ነው።
- ስኳር ወተቱ ላይ ጨምሮ ማስቀመጥ። የሚጠጣበት ሰዓት ላይ ጨምሩ፣ ቀድሞ ከገባ ቶሎ ያኮመጥጠዋል። ተምርም ካረጋችሁበት በ2 ቀን ጨርሱት።
- ኮረሪማ ማብዛት። አንድ ፍሬ ለሊትር ይበቃል፣ ሁለት ካረጋችሁ የአልሞንዱ ጣዕም ይጠፋል።
- የተረፈውን አልሞንድ በፌስታል ኩሽና ውስጥ ማንጠልጠል። ምድጃ አጠገብ ያለ አልሞንድ ቶሎ ይከርራል። ክዳኑ በሚጠብቅ እቃ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ እስከ ዓመት ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ፣ ይሄን አትዝለሉት

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ይሄ በእናት ጡት ወይ በሐኪም የታዘዘ ወተት ቦታ አይሰጥም፣ በፍጹም። ምክንያቱ ቁጥር ነው፦ 100 ግራም አልሞንድ ውስጥ ወደ 21 ግራም ፕሮቲንና ወደ 270 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን እኛ 140 ግራሙን ለ1 ሊትር ነው የምናካፍለው፣ ምንም አተላው ላይ ሳይቀር ሁሉም ወተቱ ውስጥ ገባ ብንል እንኳን አንድ ብርጭቆ ላይ የሚደርሰው ካልሲየም 100 ሚሊ ግራም አይሞላም። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት ወደ 300 አለው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ ጭራሽ የለውም። የሱቁ ካርቶን ላይ "ካልሲየም አለው" የሚለው ተጨምሮበት ነው። ለአዋቂ ጿሚ ግን ጥሩ ስብና ቫይታሚን ኢ ያገኝበታል፣ በዛ ላይ ፍሬውን ራሱን ከበላ የበለጠ ይጠቀማል፣ በቀን አንድ እፍኝ፣ 23 ፍሬ ያህል፣ ወደ 160 ካሎሪ ነው።

አለርጂ ያለበት ሰው ካለ አታስቀምሱት። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው አልሞንድም ላይስማማው ይችላል፣ ዝርያቸው ቢለያይም። ከንፈር ካበጠ፣ ገላ ካሳከከ፣ ትንፋሽ ካጠረ ውሃ እያጠጣችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አትስጡ፣ ያንቀዋል።

መራራ አልሞንድ የሚባል ዓይነት አለ፣ ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር ይዟል። ጥቂት ፍሬ እንኳን ትንሽ ልጅን ክፉኛ ይጎዳል። የሚያኝኩት ፍሬ ኃይለኛ ምሬት ካለው ትፉት። ከዚሁ ጋር፣ ባለፈው ክረምት አንድ ሰው "ኮክ በላን፣ ፍሬውን ስንሰብረው ውስጡ ቁርጥ አልሞንድ ነው፣ ወተት ልሥራበት?" አለኝ። አትሥሩ! የኮክ ፍሬ ውስጥ ያለውም ያው መርዝ ነው፣ መልካቸው የተመሳሰለው ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው።

"ታዲያ አልሞንዱን ልትከለው?"

ከሱቅ የተገዛው ከቅርፊቱ የወጣ ፍሬ ብዙ ጊዜ በሙቀት ያለፈ ስለሆነ አይበቅልም፣ ከነቅርፊቱ ያለ ጥሬ ያስፈልጋል። እሱን ካገኛችሁ 1 ቀን ዘፍዝፉት፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት እቃ ውስጥ ቀብራችሁ ፍሪጅ ውስጥ 6 ሳምንት ያህል አስቀምጡት፣ ክረምት ያለፈበት መስሎት ነው የሚነቃው። ከዛ ውሃ የማይቋጥር አፈር ባለበት እቃ ውስጥ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አርጋችሁ ትከሉት።

ይበቅላል። ያፈራል ወይ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አልሞንድ በደንብ እንዲያብብ በዓመት ከ200 ሰዓት ጀምሮ እንደ ዝርያው እስከ 500 እና ከዛም በላይ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ያንን ያህል አይወርድም። በዛ ላይ ብዙው ዝርያ በራሱ አበባ ብቻ አያፈራም፣ ሌላ ዝርያ አጠገቡና ንብ ይፈልጋል። የኛ ክረምት ዝናብም ደረቅ በጋ ለለመደ ዛፍ የበሽታ ወቅት ነው። ስለዚህ ለገቢ ብላችሁ መሬት አትያዙበት፣ ግቢ ውስጥ ለሙከራ አንድ ሁለት ይበቃል። ከፍሬ የበቀለ ዛፍ እናቱን ላይመስል ስለሚችል፣ ከዓመታት በኋላ ካፈራላችሁ የመጀመሪያውን ፍሬ ሰብራችሁ በምላስ ጫፍ ብቻ ቅመሱት፣ ከመረረ ፍሬውን ልጆች ሳያገኙት ልቀሙና ቅበሩት፣ ዛፉ ለጥላ ይቁም።